በጋምቢያ ወንዝ ዳር፦ ስም፣ ቋንቋና ደም



ወደ ምዕራብ አፍሪካ ከመጓዜ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አባቴ ከደሴ ስልክ ደወሉልኝ። ታናሽ እህቴን ለጋብቻ የጠየቃት ወጣት ዲኑን የጠበቀ፣ ሥራውን የሚያከብርና በሠፈሩ የተመሰገነ ልጅ ነው። ችግሩ አያቱ ቀጥቃጭ መሆናቸው ነው። ጎረቤቶች «ደማቸው ሌላ ነው» እያሉ አባቴን አስጨንቀዋቸዋል። እርሳቸውም «አንተ ቀርተሃል፤ የአስኳላውንም ትምህርት ተምረሃል። እስቲ ንገረኝ፤ የእነርሱ ደም ከእኛ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «አባባ፣ ከመንገድ ስመለስ እንነጋገርበታለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጉዞዬ ሰበብ ሆነኝ እንጂ ነገሩ መሸሽ ነበር።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ነበር ለመምህራን በተዘጋጀ የአንድ ወር ሥልጠና ለመካፈል ወደ ጋምቢያ የተነሣሁት። የአባቴ ጥያቄ ግን አብሮኝ ተጓዘ። ከዚህ በታች ያየሁትንና የተማርኩትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እጠይቃለሁ።

በመኪና ውስጥ የሰማሁት ስድብ

ከአዲስ አበባ እስከ ሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሰባት ሰው በምትጭን አሮጌ ፔጆ ተጓዝኩ። መንገዱ በፋቲክና በካኦላክ አድርጎ ወደ ጋምቢያ ድንበር ይወርዳል። በግራና በቀኝ የኦቾሎኒ ማሳ፣ አልፎ አልፎም ግዙፍ የባኦባብ ዛፎች ይታያሉ።

ፋቲክን እንዳለፍን ሾፌራችን ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናትን በመስታወቱ እያየ በኃይል መናገር ጀመረ። ሴትየዋም አልተመለሱለትም አይባልም። ድምፃቸው ከፍ፣ እጃቸው ወደ ሾፌሩ ተቀሰረ። ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ ፈራሁ። አጠገቤ የተቀመጠውን እንግሊዝኛ የሚችል ወጣት ምን እንደሚባባሉ ብጠይቀው በሣቅ እየፈነዳ «ባሪያዬ ነሽ፣ ሩዝ ስትበዪ ማብቂያ የለሽም ይላታል። እርሷ ደግሞ ያንተ አባት የእኔን አባት በግ ሲጠብቅ ነበር ትለዋለች» አለኝ። ነገሩ ይብስ ግራ ገባኝ።

ወጣቱ እንዳስረዳኝ ሾፌሩ የሴሬር ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ሴትየዋ ደግሞ ከካሳማንስ የመጡ ጆላ ናቸው። ሴሬርና ጆላ በቀልድ የሚዛመዱ ሕዝቦች ናቸው። በአፈ ታሪካቸው መሠረት አጌንና ጃምቦኝ የተባሉ ሁለት እህትማማቾች በጀልባ ሲጓዙ ማዕበል ይነሣና ጀልባዋ ሳንጎማር በተባለው የባሕር ዳርቻ ለሁለት ትሰበራለች። አንደኛዋ በስባሪው ላይ ሆና ወደ ደቡብ ሄደች፤ የጆላዎች እናት ሆነች። ሁለተኛዋ በሰሜን ቀረች፤ የሴሬሮች እናት ሆነች። ስለዚህ የአንዱ ልጅ ሌላውን ሲያገኝ ይሰድበዋል፣ ይቀማዋል፣ «ባሪያዬ» ይለዋል። የተሰደበው መቆጣት ነውር ነው። በአንጻሩ በመካከላቸው እውነተኛ ጠብ ሲነሣ ገላጋይ ሆኖ የሚገባው ይኸው የቀልድ ዘመድ ነው። ሴኔጋል ዛሬ ከዳካር ወደ ካሳማንስ የሚመላለሱ ሁለት መርከቦቿን በእነዚሁ እህትማማቾች ስም ሰይማለች።

የቀልድ ዝምድናው በብሔረሰቦች መካከል ብቻ ሳይሆን በቤተሰብ ስሞች መካከልም አለ። ማንዲንካዎች «ሳናውያ» ይሉታል፤ ወሎፎች ደግሞ «ካል»። በቃል ታሪክ ሥርዓቱን የደነገገው የማሊን መንግሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረተው ሰንጃታ ኬይታ ነው ይባላል።

እኔም ከዚህ ቀልድ አላመለጥኩም። ሾፌሩ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ «ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ» አልኩት። «ወሎፍ!» ብሎ መሪውን መታ። «ከዚያን ያህል ሩቅ የመጣ ወሎፍ! እንግዲያው ስምህ ጆፕ ነው።» አንድ ስም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ድንበሩ ላይ ገንዘብ የሚመነዝረው ነጋዴ ግን ስሜ ጆፕ መሆኑን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ይሰድበኝ ጀመር። ለካ የእርሱ ስም ንጃይ ኖሯል! ጆፕና ንጃይ ደግሞ የታወቁ የቀልድ ተቀናቃኞች ናቸው። በአንድ ጠዋት ውስጥ፣ በአንድ ፊደል ሳቢያ፣ ጎሣም ስምም «ጠላት»ም አገኘሁ።

ወንዙና አገሩ

ከባራ ወደ ባንጁል በጀልባ ስንሻገር ወንዙ ባሕር ይመስል ነበር። ጋምቢያ ማለት በአጭሩ ይህ ወንዝ ነው። አገሪቱ በወንዙ ግራና ቀኝ ተዘርግታ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ትዘልቃለች፤ ስፋቷ ግን በሰፊው ቦታ እንኳ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ከባሕሩ በኩል በቀር በሁሉም አቅጣጫ ሴኔጋል ታዋስናታለች። ይህን ድንበር እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1889 ተስማምተው ያሰመሩት ነው። ሴኔጋል በ1960፣ ጋምቢያ በ1965 ነጻነታቸውን አገኙ። በዚህም ምክንያት ዳካር ላይ በፈረንሳይኛ ፊደል «ጆፕ» ተብሎ የተጻፈው ቤተሰብ ባንጁል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጆብ» ሆነ። ሰዎቹ ግን ዛሬም በሰርግና በለቅሶ ይገናኛሉ።

የሕዝቡ ቁጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ ሙስሊም ነው። ማንዲንካዎች ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ፉላ፣ ወሎፍና ጆላ ይበዛሉ። ሴሬሮች፣ ሰራሁሌዎችና ሌሎችም አሉ።

አራት ቋንቋ፣ አንድ ሰላምታ

ያረፍኩት ሴሬኩንዳ ከተማ በአንድ የሥነ ሕይወት መምህር ቤት ነበር። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ በማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍና አታያ የሚባለው ሻይ ይፈላል። ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ የመጀመሪያው መራራ፣ የመጨረሻው ጣፋጭ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለምናውቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ግቢው ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ እየቆመ ሰላምታ ይለዋወጣል። ማንዲንካው ሲመልስ «ካይራ ዶሮንግ» ይላል። ወሎፉ «ጃም ሬክ»፣ ፉላው «ጃም ታን»፣ ጆላው «ካሱማይ ኬፕ» ይላል። ትርጉሙን ስጠይቅ አራቱም አንድ ሆነው አገኘኋቸው፦ «ሰላም ብቻ»። የማንዲንካው «ካይራ» «ኸይር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው።

አንድ ማታ ባለቤቱን «እናንተ የትኛው ናችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ቤተሰቡ የሚጠራበት ስም የማንዲንካ ነው። ነገር ግን የአባቱ አያት ፎኚ በሚባለው አካባቢ ጆላ ሆነው ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ቁርአን እንዲቀሩ ወደ አንድ የማንዲንካ መንደር ተላኩ። በእንጨት ሎሕ ላይ እየጻፉና እያጠቡ አደጉ፤ የኡስታዛቸውን የቤተሰብ ስም ያዙ፤ ማንዲንካ ሆነው ተመለሱ። የባለቤቱ እናት ፉላ ናቸው። ሚስቱ ወሎፍ ናት። ልጆቹ መንገድ ላይ የሚጫወቱት በወሎፍኛ ነው። «ታዲያ ኡስታዝ፣ እኔ የትኛው ነኝ?» አለኝ።

የዚህ ሰው ታሪክ ብቸኛ አይደለም። የታሪክ ሰዎች እንደሚነግሩን የካቡ መንግሥት በገነነበት ዘመን፣ ኋላም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስልምና በስፋት ሲዳረስ፣ ብዙ ጆላዎችና ባይኑንክ የሚባሉት የቀድሞ ነዋሪዎች ማንዲንካ ሆነዋል። ስም መለወጥም የተለመደ ነበር። የማንዲንካው ትራኦሬ ወሎፍ አገር ሲሰፍር ጆፕ፣ ጃራ ደግሞ ንጃይ ሊባል ይችላል። ስሞቹ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ የቀልዱ ዘመድም ከአዲሱ ስም ጋር ይከተላል።

እኔ በልጅነቴ በወሎ የቀራሁት በዚያው ዓይነት ሎሕ ላይ ነበር። የእኛ አባቶች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ፣ የእነርሱም አባቶች ማንዲንካንና ወሎፍኛን በዚያው ፊደል ይጽፉ ነበር። በዚህ ረገድ ከባንጁል ይልቅ ሰው ደሴ ውስጥ ሆኖ እንግዳ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።

ተመራማሪዎች ደሙን ሲያዩት

ባለቤቱ የሥነ ሕይወት መምህር በመሆኑ የአባቴን ጥያቄ ላካፍለው ደፈርኩ። እርሱም ነገሩን ከአገሩ ጀምሮ ያስረዳኝ ያዘ።

በሰው ልጅ ሴል ውስጥ የሚገኘው የዘር ውርስ ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ማናቸውንም ሁለት ሰዎች ብናነጻጽር ከሺህ ፊደል የሚለያዩት በአንድ ያህል ነው። በ1972 አንድ ተመራማሪ እንዳሳየው በሰው ልጆች መካከል ካለው ልዩነት ከመቶ 85 ያህሉ በየሕዝቡ ውስጥ በግለሰቦች መካከል የሚገኝ ነው። በአንድ መንደር ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ሕዝቦች አማካይ ልዩነት እጅግ ይበልጣል ማለት ነው።

በ2015 የተጠናቀቀው «የ1000 ጂኖሞች ፕሮጀክት» ከ26 ሕዝቦች የ2,504 ሰዎችን የዘር ውርስ አነበበ። ከምዕራብ አፍሪካ የተካተቱት አራት ነበሩ፦ የጋምቢያ ማንዲንካ፣ የሲየራ ሊዮን ሜንዴ፣ የናይጄሪያ ዮሩባና ኤሳን። ጎረቤታሞቹ ዮሩባና ኤሳን የተለያየ ቋንቋና የየራሳቸው የነገሥታት ታሪክ ያላቸው ሲሆኑ በዘር ውርስ ግን ለመለየት እስኪያስቸግሩ ድረስ ይቀራረባሉ። እጅግ የሚራራቁት ማንዲንካና ዮሩባ እንኳ በሕዝቦች መካከል ያለውን ርቀት በሚለካው ስሌት ከአንድ በመቶ ያነሰ ልዩነት ነው ያላቸው።

«ይህ ማለት ግን ልዩነት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም» አለኝ መምህሩ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የዘር ምልክቶችን በአንድ ላይ የሚያይ መሣሪያ ጎረቤታሞችንም በአማካይ ይለያቸዋል። በ2009 ከሁለት ሺህ በላይ ጋምቢያውያን የተካተቱበት የወባ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚህ ጥናት ማንዲንካው፣ ወሎፉ፣ ጆላውና ፉላው በየበኩላቸው ተሰባስበው፣ ጫፎቻቸው ግን እየተደራረቡ ታይተዋል። የወንድማማቾች የእጅ ጽሑፍ በጥንቃቄ ሲታይ ይለያል፤ ከአንድ ቤት መውጣታቸውንም ያሳያል። ይኸኛውም እንደዚያ ነው።

ይህች ትንሽ ልዩነት ለሐኪም ትጠቅማለች። በዚያው የ2009 ጥናት ከወባ እንደሚከላከል የታወቀው የሄሞግሎቢን ጂን ደካማ ሆኖ ታየ። ምክንያቱም መመርመሪያው በዋነኛነት የተዘጋጀው ከሌላ ቦታ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ስለነበር ነው። የ62 ጋምቢያውያን ዘር ውርስ በዚያ ቦታ ተነቦ ስሌቱ በእርሱ ሲታረም የጂኑ ኃይል ቁልጭ ብሎ ወጣ። እንግዲህ «ምዕራብ አፍሪካዊ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ማለፍም ሕሙማንን ሊጎዳ ይችላል።

ቋንቋ ሌላ፣ ደም ሌላ

ይበልጥ ያስደነቀኝ የፉላዎች ነገር ነው። በቋንቋ ረገድ የፉላ ቋንቋ የቅርብ ዘመድ ሴሬርኛ ነው። ማንዲንካ ግን ከሁለቱም በጣም የራቀ የማንዴ ቋንቋ ነው። ደሙን ያዩ ሰዎች ያገኙት ደግሞ ሌላ ሥዕል ነው። ማንዲንካው ለወሎፉና ለሴሬሩ የቅርብ ጎረቤት ነው። ከብት አርቢዎቹ ፉላዎች ግን ከምዕራብ አፍሪካው ውርስ በተጨማሪ ከሰሜን አፍሪካ በኩል የመጣ ድርሻ አላቸው። ካደጉ በኋላ ወተት እንዲስማማቸው የሚያደርገው ጂናቸውም በአውሮፓ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው።

በ1996 በቡርኪና ፋሶ ከዋጋዱጉ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኙ መንደሮች የተካሄደ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። በዚያ ፉላዎች፣ ሞሲዎችና ሪማይቤዎች ይኖራሉ። ሪማይቤዎች ቀድሞ በፉላዎች እጅ በባርነት የነበሩ፣ ቋንቋቸውም የፉላ ቋንቋ የሆነ ሕዝብ ናቸው። የሚነክሳቸው የወባ ትንኝ ተመሳሳይ ቢሆንም ፉላዎቹ ከሁለቱም ያነሰ በወባ ይጠቁ ነበር። ሪማይቤዎች በአፋቸው ፉላ፣ በሰውነታቸው ግን ከሞሲዎች ጋር ነበሩ። «አየህ፣ ቋንቋ ከእናት ጉያም ከጌታ ደጃፍም ይወሰዳል» አለኝ መምህሩ።

እኔም ወዲያው «እንግዲያው አንዳንዱ ደም በእርግጥ ሌላ ነው ማለት ነው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ ፉላ ናት። በወተት ረገድ ከአባቴ ትለይ ይሆናል። ታዲያ አባቴ ሊያገባት አይገባም ነበር ልትለኝ ነው? ሰውን ለማክበር ደሙ ከደማችን ጋር አንድ መሆኑን መጠበቅ ካለብን፣ ነገ ልዩነት የተገኘ ዕለት ልንንቀው ነው?»

ይህን ለመመለስ ቃል አጣሁ። በመድረሳ የሑጁራትን 13ኛ አንቀጽ ስንት ጊዜ ሐፍዤ አንብቤአለሁ! ያን ማታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት መሰለኝ።

ስም የማይጠይቀው በሽታ

በጋምቢያ ቤተሰቦች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣ የደም ጉዳይ አለ፤ ሲክል ሴል ይባላል። ቀይ የደም ሴል ክብነቱን ትቶ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ሕፃኑ በብርቱ ሕመም ይሠቃያል፤ ደሙም ያንሳል። ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው አይታመምም፤ እንዲያውም ከከባድ ወባ ይጠበቃል። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚዎች ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው።

ቀደም ሲል ይህ ጂን በሴኔጋል፣ በቤኒንና በሌሎችም ቦታዎች ለየብቻ እንደተፈጠረ ይታመን ነበር። በ2018 የወጣ ጥናት ግን ጂኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ7,000 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ በአንድ ሰው ላይ ተፈጥሮ እንደተሠራጨ አመለከተ። ማንዲንካው፣ ጆላው፣ ዮሩባውና ሌላውም ይህን ጂን ሲሸከሙ ከአንድ የሩቅ ወላጅ የወረሱትን ቅርስ ነው የሚሸከሙት። በነዚህ ሁሉ ሕዝቦች መካከል ጋብቻ ባይኖር ኖሮ ጂኑ ከአንድ መንደር ባልወጣ ነበር።

በሠፈሩ አንዲት እናት ልጃቸው በዚህ በሽታ ታሞ እቤት ተኝቶ ነበር። እርሳቸውም ባለቤታቸውም ከአንድ ዘር፣ ከአንድ መንደር ናቸው። «ዘሩን ጠየቅን፣ ስሙን ጠየቅን፤ ደሙን ግን ማንም እንድናስመረምር አልነገረንም» ሲሉ አጫወቱኝ። ይህን ንግግራቸውን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

የዋሱ ድንጋዮች

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ፣ ዋሱ ወደተባለች መንደር ሄድን። በዚያ ከቀይ ድንጋይ የተጠረቡ ዓምዶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። እንዲህ ያሉ ከ1,000 በላይ ሐውልቶች በጋምቢያና በሴኔጋል በወንዙ አካባቢ ተበትነው ይገኛሉ፤ በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የቆሙበት ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል። ሥራቸው የመቃብር ምልክት ነበር።

ከእኛ ጋር የነበሩት መምህራን ማን አቆማቸው በሚለው ላይ መከራከር ጀመሩ። ሴሬሩ «የእኛ ናቸው» አለ። ጆላው ሣቀበት፤ ማንዲንካው ሁለቱንም ሰደባቸው። እንደተለመደው ቀልድ ነበር። በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ መምህር «እዚህ የተቀበሩት የማናችንም ብቻ አይደሉም፤ የሁላችንም ናቸው» አሉ። ሁሉም ዝም አለ።

ቀልድ ሲጠፋ

አንባቢ ምዕራብ አፍሪካን ጠብ የሌለበት አገር አድርጌ እንዳቀርብ አይጠብቅብኝ። በካሳማንስ ከ1982 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ደም ፈስሷል። በጋምቢያም በ2016 በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ በአደባባይ ማንዲንካዎችን «መጤዎች» ሲሉ አስፈራርተዋል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኩልም ንግግራቸው ተወግዟል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በተካሄደው ምርጫ ተሸንፈው በጥር 2017 አገር ለቀቁ። በዚያን ጊዜ ስለነበረው ነገር ስጠይቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አንድ ወጣት «ከዚያ ንግግር በኋላ የጆላው ጓደኛዬ ለሳምንት ያህል አልሰደበኝም። የፈራሁት ያኔ ነው» አለኝ።

የዘር ውርስ መቀራረብ ሰውን ከሰው ጥላቻ አያድንም። ጎረቤትን የሚያድነው ሌት ተቀን የሚጠበቅ ልማድ ነው፤ ሰላምታው፣ ቀልዱ፣ የጋራ ሳህኑ፣ ጋብቻው።

የቀጥቃጩ ነገር

የአባቴ ጥያቄ መልሱን ያገኘው በመጨረሻው ሳምንት ነው። በማንዲንካዎችም ዘንድ ቀጥቃጮች፣ ቆዳ ሠሪዎችና አዝማሪዎች እንደየሙያቸው በመካከላቸው ብቻ ሲጋቡ የኖሩ ወገኖች ናቸው። አንድ ማታ ይህን እያወጋን ሳለ ባለቤቱ «የአገርህን ጥናት አላየህም እንዴ?» አለኝና ያነበበውን ነገረኝ። እኔ የማላውቀውን የአገሬን ነገር ከባሕር ማዶ ሰማሁት።

በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖረው የአሪ ሕዝብ ውስጥ አራሾችና ቀጥቃጮች አይጋቡም። በ2012 የወጣ ጥናት ሁለቱ በዘር ውርስ ተለይተው እንደሚታዩ አሳየ። በዚህም መነሻ ቀጥቃጮቹ የጥንት ነዋሪዎች ቅሪት፣ አራሾቹ ደግሞ በኋላ የመጡ ይሆናሉ የሚል ሐሳብ ነበር። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች በረቀቀ ስሌት ሲመለከቱት ግን ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ የመጣው ቀጥቃጮቹ ከጋብቻ ተገልለው፣ በቁጥር ጥቂት ሆነው በመካከላቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። «ደማቸው ሌላ ነው» ብለን አራቅናቸው። ስላራቅናቸው ደማቸው ትንሽ ሌላ መሰለ። ንቀቱ ራሱ የፈጠረውን ልዩነት ንቀቱን ለማጽደቅ ማስረጃ አድርገን እናቀርበዋለን ማለት ነው።

ወደ ቤት

እንደተመለስኩ በቀጥታ ወደ ደሴ ሄድኩ። ለአባቴ የሰማሁትን ሁሉ በቀላል አማርኛ አስረዳኋቸው። ስለ መኪናው ስድብ ስነግራቸው ሣቁ። ስለ አሪዎቹ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «እንግዲያው ያራቅናቸው እኛ ነን በለኛ» አሉኝ።

«አባባ፣ ደማቸው በእርግጥ ሌላ ቢሆንስ ኖሮ? ልጁ ሶላቱን ይሰግዳል፣ እናቱን ይጦራል፣ ላቡን አንጠፍጥፎ ይበላል። ይህ ይቀየር ነበር?» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ዓይናቸው ወደ ጓዳው በር ሄደ። በሩ አጠገብ ማረሻቸው ተደግፎ ነበር። ያን ማረሻ የሠሩት የልጁ አያት ናቸው፤ የእኛ ቤት እንጀራም ስንት ዓመት ከእርሱ ወጥቷል። «ሽማግሌ ይላኩ በላቸው» አሉ በመጨረሻ።

ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ሹክሹክታውም አልቆመም፤ አንዲት አክስታችን ሰርጉ ላይ እንደማይገኙ ተናግረዋል። እህቴ ግን ፊቷ ተፈትቷል። እኔም የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ሁለቱንም መክሬአቸዋለሁ። ይህን ምክር የሰጠሁት በዘራቸው ሳቢያ አይደለም፤ የሴሬኩንዳዋን እናት ንግግር አስታውሼ ነው።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁ ስለ ጎረቤት ሕዝብ የመጀመሪያውን ቃል የሚሰሙት ከእናንተ አፍ ነው። ያ ቃል ስድብ ከሆነ እንኳ፣ እንደ ፔጆዋ መኪና ስድብ ዘመድነትን የሚያጠብቅ ይሁን።